የየቲሞች መዝገብም አማና ነው፦ ተቋሞቻችን የሳይበር ስጋትን እንዴት ያስተዳድሩ?



ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ቢሮ ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕ አለ። በውስጡ የየቲሞች ስም፣ የእናቶቻቸው ስልክ ቁጥር፣ የቤት አድራሻ፣ የመታወቂያ ፎቶና የሕክምና ወረቀት ተቀምጧል። በየወሩ ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች ዝርዝርም እዚያው አለ። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ዝርዝሩ ደግሞ ሥራ እንዲቀል ተብሎ በቴሌግራም ግሩፕ ተልኳል፤ ግሩፑ ውስጥ ዓምና ሥራውን የተዉ በጎ ፈቃደኞችም እስካሁን አሉ።

እዚህ ቢሮ ውስጥ መጥፎ ሰው የለም። ሁሉም ለአላህ ብለው የሚለፉ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። የተሰበሰበው ብርም በሚገባ ይጠበቃል፦ ባንክ ይገባል፣ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይወጣም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ኦዲት ይደረጋል። የሰዎቹ መረጃ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ መልእክት አጭር ነው። መረጃም እንደ ገንዘቡ አማና ነው። ገንዘቡን የምንጠብቅበትን ልማድ ወደ መረጃው ካመጣነው ደግሞ የሳይበር ደህንነት አብዛኛው ሥራ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ሊሠራ ይችላል።

መረጃ ለምን አማና ይሆናል?

አንዲት እናት የልጆቿን ስም፣ የባሏን የሞት ማስረጃና የራሷን በሽታ ለማኅበሩ የተናገረችው ቸግሯት ነው። ጎረቤቷ ያላወቀውን ለእኛ ገለጠችው። ይህ ዝርዝር ከእጃችን ወጥቶ የተንኮለኛ እጅ ቢገባ፣ ሰውየው ደውሎ ስሟንና የልጆቿን ስም ጠርቶ «ከማኅበሩ ነው የምደውለው፤ ድጋፉ እንዲቀጥል የመመዝገቢያ 500 ብር ላኪ» ይላታል። እሷም ታምነዋለች፤ እኛ ብቻ የምናውቀውን ነገር ያውቃልና።

ለጋሹም እንዲሁ ነው። ሰደቃውን ቀኝ እጁ ሲሰጥ ግራ እጁ እንዳያውቅ የሚጠነቀቅ ሰው ስሙና የሰጠው መጠን በአደባባይ ቢበተን፣ የተጎዳው ኪሱ አይደለም። ከጌታው ጋር ብቻ ሊያቆየው የፈለገውን ነገር ነው ያጣው።

እምነታችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ አጻጻፍ፣ ስለ ጸሐፊውና ስለ ምስክሮች የሚደነግግ ነው። መዝገብን በሥርዓት መያዝ ከዲናችን ውጭ የመጣ ነገር አይደለም ማለት ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ላለው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት ምክርም እንዲሁ ይታወቃል። ዱዓ እናደርጋለን፤ ገመዱንም እናስራለን።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቴሌኮም ወይም ባንክ ያልሆነ ተቋም «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይችልም። የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚይዝ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የሐጅና ዑምራ ጉዞ ቢሮ ሁሉ አዋጁን ማወቅ አለበት።

ለእኛ ተቋማት በተለይ የሚጠቅሙ አራት ነጥቦችን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ የአንድ ሰው ሃይማኖት በሕጉ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ጥንቃቄ የሚሹ መረጃዎች አንዱ ነው። ጤናም እንደዚያው። የመስጂድ ጀመዓ የአባላት ዝርዝር ከሱቅ የደንበኞች ዝርዝር በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ማን ሙስሊም እንደሆነ፣ የት እንደሚኖርና በየትኛው መስጂድ እንደሚሰግድ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይውላል፣ ከሚያስፈልገው በላይም አይሰበሰብም። ለኢፍጣር ምግብ ማከፋፈያ የቤተሰብ ብዛትና ስልክ በቂ ከሆነ የመታወቂያ ኮፒ ለምን ይወሰዳል? ያልያዝነው መረጃ ሊሰረቅብን አይችልም።

ሦስተኛ፣ ባለመረጃው መብት አለው። ስለ እሱ ምን እንደተያዘ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከል፣ ሲገባም የማስሰረዝ መብት።

አራተኛ፣ መረጃ ከተጣሰ ተቋሙ ማወቁን ካረጋገጠበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ከዚህ ሌላ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን፣ መረጃ መጥለፍንና በኮምፒዩተር ማጭበርበርን በወንጀል ያስቀጣል። ይህ አዋጅ የሚጠቅመን ጥቃት ሲደርስብን ብቻ አይደለም። ሥራ የለቀቀ ሰው በድሮ የይለፍ ቃሉ ገብቶ ፋይል ቢያወርድ ነገሩ «የውስጥ ጉዳይ» ሆኖ እንደማይቀር ለሠራተኞቻችን ለማስረዳትም ይጠቅማል።

በአውሮፓ የተመዘገቡ የኢትዮጵያውያን ሙስሊም ማኅበራት ደግሞ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ጂዲፒአር የሚባለው ሕግ ይመለከታቸዋል። እሱም ሃይማኖትን በልዩ ጥበቃ ሥር ያስቀምጣል፤ የ72 ሰዓት ግዴታም አለው። ከፍተኛው ቅጣት 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመታዊ የዓለም አቀፍ ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። የለጋሾችን ዝርዝር ከጀርመን ወይም ከስዊድን ወደ አዲስ አበባ በዋትስአፕ የሚልክ ወንድም ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ስጋት እንዴት ይለካል?

ብዙ ጊዜ ስለ ሳይበር ደህንነት ሲነሳ የሚመጣልን ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጠላፊ ነው። ስጋት ግን ከዚያ ይሰፋል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተፈጠረውን እናስታውስ። ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩ የወጣውን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር አድርሶታል። ባንኩ እንደገለጸው ነገሩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ሥርዓቱ ላይ ማሻሻያ ሲደረግ የተፈጠረ ችግር ነበር። ስለዚህ ስጋት ከውጭ ሌባ ብቻ ሳይሆን ከራሳችን ስህተት፣ ከመብራት መቋረጥ፣ ከፍላሽ መጥፋትና ከሠራተኛ መልቀቅም ይመጣል።

መለኪያው ከባድ አይደለም። የሹራ ወይም የቦርድ አባላት አንድ ላይ ተቀምጠው ሊደርሱ የሚችሉ አሥር ችግሮችን ይጻፉ። ለእያንዳንዱ «የመድረስ ዕድሉ ስንት ነው?» ብለው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። «ቢደርስ ጉዳቱስ?» ብለው ሌላ ከ1 እስከ 5 ይስጡ። ሁለቱን ያባዙ። የየቲሞች ዝርዝር ያለበት ላፕቶፕ ቢሰረቅ፦ ዕድሉ 4፣ ጉዳቱ 5፣ ብዜቱ 20። የማኅበሩ ድረ ገጽ ለአንድ ቀን ቢዘጋ፦ ዕድሉ 3፣ ጉዳቱ 2፣ ብዜቱ 6። ገንዘባችንንና ጉልበታችንን መጀመሪያ የት ማዋል እንዳለብን ቁጥሩ ራሱ ይነግረናል።

ለእያንዳንዱ ስጋት አራት ምርጫዎች አሉን። እንቀንሰዋለን፣ ለምሳሌ ላፕቶፑን በመቆለፍ። ነገሩን ጨርሶ እንተወዋለን፣ ለምሳሌ የመታወቂያ ኮፒ መሰብሰብ በማቆም። ለሌላ እናስተላልፈዋለን፣ ለምሳሌ በኢንሹራንስ ወይም በውል። ወይም አውቀን እንቀበለዋለን። መቀበልም ምርጫ ነው፤ ግን በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ኃላፊነቱን የሚወስደውም ሰው በስም ይታወቅ። ማንም ሳይወያይበት በዝምታ የታለፈ ስጋት «ተቀባይነት ያገኘ» አይባልም፤ የተረሳ ነው።

ከሦስት ክስተቶች የምንማረው

የመጀመሪያው በሰብዓዊ ድርጅት ላይ የደረሰ ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የመረጃ ቋቱ ተሰብሮ እንደነበር ይፋ አደረገ። ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተጋልጧል። እነዚህ በጦርነት፣ በስደትና በአደጋ ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ የጠፉባቸውን የሚፈልጉ፣ የታሰሩም ሰዎች ነበሩ። መረጃው ከ60 ያህል አገሮች የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የተሰበሰበ ነው። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ኅዳር 9 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የታወቁት ከ70 ቀን በኋላ ነው። የገቡበት በር ደግሞ ማስተካከያው ቀድሞ የወጣለት፣ ነገር ግን በጊዜው ያልተጫነ የሶፍትዌር ክፍተት ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ኮምፒዩተሩ «አፕዴት ላድርግ?» ሲል «በኋላ» እያሉ ማለፍ በር ክፍት ትቶ መተኛት ነው። ሁለተኛው የድርጅቱ አካሄድ ነው። የሆነውን ደብቆ አላለፈም። ክፍተቱን በራሱ አንደበት ተናገረ፤ ለተጎጂዎቹም በስልክ፣ በደብዳቤ፣ ሩቅ ላሉት ደግሞ ሰው ልኮ በአካል አሳወቀ።

ሁለተኛው እኛን በቀጥታ የነካ ነው። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ማሰራጫ እንዳጋለጠው፣ የሰላት ሰዓትና ቂብላ ለማወቅ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት ሙስሊም ፕሮ የተባለው አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ሻጭ ይልክ ነበር። ኤክስ-ሞድ ደግሞ ከደንበኞቹ መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ነበሩት። ዜናው ሲወጣ ሙስሊም ፕሮ ከኤክስ-ሞድ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደሚያቋርጥ ገለጸ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤክስ-ሞድ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎችን የሚመለከት የመገኛ መረጃ እንዳይሸጥ የሚከለክል ውሳኔ ይፋ አድርጓል። ትምህርቱ ይህ ነው፦ መረጃን ለሦስተኛ ወገን ስንሰጥ አማናው ከእኛ ትከሻ አይወርድም። የመድረሳችንን የተማሪዎች አፕ የሚሠራልን ድርጅት መረጃውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ለማን እንደሚያሳይና ውሉ ሲያልቅ እንዴት እንደሚያጠፋው በጽሑፍ መጠየቅ አለብን።

ሦስተኛው በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ላይ በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው ዘረፋ ነው። ሌቦቹ በባንኩ ሥርዓት ገብተው ኒውዮርክ ካለው ሂሳብ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዲተላለፍ የሐሰት ትእዛዝ ላኩ። 81 ሚሊዮን ዶላር ፊሊፒንስ ገብቶ ወጣ። ትእዛዙ የተላለፈው ሐሙስ ማታ ነበር፤ ባንግላዴሽ ውስጥ ጁሙዓና ቅዳሜ ዕረፍት ናቸው። 20 ሚሊዮን ዶላር ወደ ስሪላንካ ሲሄድ የተያዘው ደግሞ «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል ፊደሉ ተሳስቶ ስለተጻፈና የአንድ ባንክ ሠራተኛ ስለተጠራጠረ ነው። አጥቂ ቢሮ የሚዘጋበትን ሰዓት ይመርጣል። የእኛም ቢሮዎች በጁሙዓ ሰላት፣ በረመዳን የመጨረሻ አሥር ሌሊቶችና በዒድ ዋዜማ ማን እንደሚጠብቃቸው ይታሰብ። እነዚህ ዘካና ሰደቃ በብዛት የሚገባባቸው ቀናትም ናቸው።

ከየት እንጀምር?

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የሳይበር ደህንነት ማዕቀፍ ሥራውን በስድስት ይከፍለዋል፦ ማስተዳደር፣ መለየት፣ መጠበቅ፣ ጥቃትን ማወቅ፣ ምላሽ መስጠትና ወደ ሥራ መመለስ። «ማስተዳደር» የሚለው በዚህ ማሻሻያ የተጨመረ ነው። ምክንያቱም ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የአመራሩ ነው። ለትንሽ ተቋም እንዲህ ሊተረጎም ይችላል።

ማስተዳደር፦ ከቦርዱ አንድ ሰው በስም ኃላፊ ይሁን። ባለሙያ መሆን የለበትም፤ ጠያቂ መሆን አለበት። በሦስት ወር አንድ ጊዜ አጀንዳው በስብሰባ ይነሳ።

መለየት፦ ምን እንዳለን በአንድ ገጽ እንጻፍ። ስንት ኮምፒዩተር፣ የማን ስልክ፣ የትኛው የባንክ ሂሳብ፣ የትኛው የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል፣ በማን ቁጥር የተከፈተ? ብዙ ጊዜ ቻናሉ በአንድ ወጣት የግል ሲም ተከፍቶ፣ ወጣቱ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄዶ፣ ሲሙ ጠፍቶ ይገኛል። ሲሙም ሂሳቡም በተቋሙ ስም ይሁን።

መጠበቅ፦ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው፤ አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው አይሁን። በኢሜይል፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት። የላፕቶፑ ዲስክ ይመስጠር፣ ማለትም ኢንክሪፕት ይደረግ፤ ያኔ ሌባው ዕቃውን ቢወስድ መረጃውን አያገኝም። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ይወገድ፤ ነፃ የመሰለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል። የባለቤቱ ፈቃድ በሌለበት መጠቀሙም በራሱ የሚያስጠይቅ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው በዚያው ዕለት ከግሩፑም ከሲስተሙም ይውጣ። ይህ እሱን መጠርጠር አይደለም፤ የእሱንም ስም መጠበቅ ነው።

በገንዘብ ላይ አንድ ሕግ ይጨመር። የሂሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል መልእክት በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ሲመጣ፣ ቀድሞ በምናውቀው ስልክ ደውለን በድምፅ ሳናረጋግጥ አንድ ብር አይላክ። የመዋጮ ሂሳብ ቁጥራችንም ከፌስቡክ ሌላ በመስጂዱ ግድግዳ ላይ ታትሞ ይለጠፍ። ገጹ ቢጠለፍና ቁጥሩ ቢቀየር ሰው የሚያመሳክርበት ይኖረዋል።

ጥቃትን ማወቅ፦ በወር አንድ ቀን ቴሌግራምና ኢሜይል የተከፈቱባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ይታይ። የማናውቀው ስልክ ካለ ይዘጋ።

ወደ ሥራ መመለስ፦ የመረጃው ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ፣ ከኢንተርኔትም ተነቅሎ። ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲመጣ የተሰካውን ሃርድ ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋልና። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ከቅጂው እውነት ፋይል ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይሞከር። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው።

ጥቃት የደረሰ ዕለት

ስድስተኛው፣ ምላሽ መስጠት፣ ለብቻው የሚነገር ነው፤ ብዙ ተቋማት የሚወድቁበት እዚህ ነውና። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ የየቲሞች ዝርዝር መውጣቱን ብናውቅ፣ 72ቱ ሰዓት እሑድ ማታ 2 ሰዓት ይሞላል። መካከሉ ጁሙዓና የሳምንቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ማን ለማን እንደሚደውል ቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሊኖር ይገባል።

የተጠቃው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ይነቀል፤ ግን ፎርማት አይደረግ፣ ማስረጃው ይጠፋል። የይለፍ ቃሎች ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ይቀየሩ። ገንዘብ ካለበት ወዲያው ለባንኩ ይደወል። ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይነገር፤ ለጥቃቱ የቴክኒክ እገዛ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር አለ፤ ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ። የሆነው ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዝገብ።

ከሁሉ የሚከብደው ለባለመረጃዎቹ መንገር ነው። «የተቋማችን ስም ይጠፋል» የሚል ፍርሃት ይመጣል። ነገር ግን ያቺን እናት አጭበርባሪው ሳይደውልላት እኛ ከደወልንላት፣ «ከማኅበሩ ነን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ቢኖር እኛ አይደለንም» ካልናት ትድናለች። ዝም ካልን ግን የጎዳናት ሌባው ብቻ አይደለም።

ወረቀት ብቻውን አይጠብቅም

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ። ሕግ ማክበርና ደህንነት አንድ አይደሉም። ከኢንተርኔት የተቀዳ ባለ 40 ገጽ ፖሊሲ ማኅተም ተደርጎበት መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ የይለፍ ቃሉ ግን አሁንም ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ይሆናል። ለአብዛኞቹ ማኅበሮቻችን ሠራተኛው ሁሉ ያነበበው፣ የፈረመበትና የሚሠራበት ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ ይበልጣል።

የመስጂድና የማኅበር ኃላፊዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሦስት ጥያቄ ብቻ ቢጠይቁ መልካም መነሻ ነው። የማንን መረጃ ይዘናል? ማን ሊከፍተው ይችላል? ዛሬ ማታ ቢጠፋ ወይም ቢወጣ ምን እናደርጋለን? መልስ ያጣንበት ጥያቄ የሥራችን መጀመሪያ ይሆናል።

ሰው ያመነንን የምንጠብቅ አላህ ያድርገን። አሚን።